በአንድ እግር ወደ ውርጌሳ

ሕፃን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት እግሩ ሲቆም ቤቱ ምን እንደሚሆን አይታችኋል? እናት እልል ትላለች፣ አባት ጥርሱ አይከደንም፣ ጎረቤት «ማሻ አላህ!» ይላል። ልጁ ትንሽ ተራምዶ ዝርግፍ ቢል እንኳ «እሰይ የኔ ጀግና!» ተብሎ ይሳማል። እኔ ስድሳን ካለፍኩ በኋላ መቆም እንደገና ስማር ግን እልል ያለልኝ አልነበረም። ስወድቅም የሳመኝ የለም። ሚስቴ አስካለ ብቻ ከጓዳ ሆና «ጋኑ ነው ሰው?» ብላ ትጮሃለች። «ሰው ነው!» እላታለሁ። «እንግዲያው ይነሣ» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ጋን በራሱ አይነሣማ!

ዕድሜዬን ሙሉ በደሴና በወልድያ መካከል የተመላለስኩ ሾፌር ነኝ። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጣሊያን ካሚዮን፣ ያንን ዳገት ሲያይ ከሰው እኩል የሚያቃስት ጉድ፣ ሆዱን በጨው፣ አናቱን በሰው ሞልቼ የአምባሰልን ኩርባ ስጠመዝዝ አንድም ቀን ገደል አልገባሁም። ሥራ አቁሜ መርሳ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው በደህናው ሜዳ ላይ መገልበጥ የጀመርኩት። ሰው «ሾፌር» ሲባል የሚሄድ ሰው ይመስለዋል። ውሸት ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሄደው ካሚዮኑ ነው፤ እኔ ተቀምጬ ነበር። እግሬ ፍሬንና ነዳጅ ከመርገጥ በቀር ሌላ ሙያ አያውቅም።

መጀመሪያ የወደቅሁት የመስኖ ቦይ ስሻገር ነው። በጭቃው አሳበብኩ። ቀጥሎ ሱሪ ስለብስ ወደቅሁ። ሱሪ ሲለበስ ሰው በአንድ እግሩ እንደሚቆም እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። በማንም ማሳበብ አልቻልኩም፤ ሱሪው የኔ፣ እግሩም የኔ።

ሦስተኛው ግን አዋረደኝ። እንደምታውቁት፣ ልጅ ለትዳር ለመጠየቅ የተላከ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምን። «ተቀመጡ» ሲሉት «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላል። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሚላከው ሰው በዕድሜም ሽማግሌ መሆኑን ረስቶታል። እኔ ደግሞ አፈኛ ስለሆንኩ በሀብሩ ዙሪያ ልጁን የሚድር ሁሉ ይፈልገኝ ነበር። ግራና ከተማ ሄደን፣ የልጅቷን አባት ከነዘር ማንዘራቸው እያሞገስኩ፣ ንግግሬ ሊያልቅ ሲል ግራ እግሬ እኔን ሳያማክር ሄደ። የጎኔን ሽማግሌ ጋቢ ያዝኩ፤ እሱ የወዲያኛውን ያዘ፤ ተያይዘን የጠላው ማድጋ ላይ አረፍን። ቤቱ መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰ። ኋላ የልጅቷ አያት ተነሥተው «ገና ሲለመን የተገለበጠ ትዳር ኋላ ምን ሊሆን ነው? ገደ ቢስ!» አሉ። ልጅቷም ተከለከለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመርሳ ገበያ የፈረስ ስም ወጣልኝ፤ አባ ድፍት። ፈረስ ኖሮኝ እኮ አያውቅም!

ከዚያ በኋላ ለሽምግልና የጠራኝ ሰው አልነበረም። ደኅና፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ላርጅ ስል ሞላ መጣ።

ሞላ እዚሁ መርሳ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይጠግናል። አባቱ መጀመሪያ ረዳቴ፣ ኋላ እንደኔው ሾፌር፣ ሁልጊዜም ወዳጄ ነበር። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ «ልጄ ሲያገባ ቆመህ የምትለምንለት አንተ ነህ» አለኝ። «እሺ» አልኩ። ያን ጊዜ እግሬ እግር ነበር።

«ጋሼ» አለኝ ሞላ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ «ሽማግሌ ሊሄዱልኝ ነው።»

«የማንን ልጅ አየህ?»

«የውርጌሳውን ግራዝማች ልጅ። የሺን።»

ክው አልኩ። የሺ ወደ መርሳ ገበያ ስትመጣ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ጎማው ፈንድቶ ከሞላ መሥሪያ በር ላይ ቆሞ ነበር አሉ። ከቁርስ በፊት የሚያልቀውን ጎማ እስከ ምሳ ይዞት ዋለ። ተሳፋሪው ሲራገም እነሱ ተያዩ። እዚህ ድረስ መልካም። አባቷ ግን በሀብሩ ሽማግሌ የሚያደርቁ ሰው ናቸው። ብዙ ሽማግሌ ተልኮባቸዋል፤ እሺም አይሉ፣ እምቢም አይሉ። መደባቸው ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩሃል። ሽማግሌው ይቆማል፣ ይቆማል፣ በመጨረሻ ጉልበቱ ሲከዳው «እንግዲህ እንመለስ» ብሎ ይሄዳል። «ኩራታቸው ነው» ይላል አገሩ። ዘንድሮ ካልተዳረች ደግሞ ልጅቷን ደሴ አክስቷ ቤት ሊልኳት ነው ተብሏል። ደሴ የገባች ቆንጆ ደግሞ ወደ ውርጌሳ አትመለስም።

አስካለ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጁን ከወደድከው ቤትህ ተቀመጥለት።»

«ኧረ እትዬ! ጋሼ ካልሄዱማ የአባቴ ቃል የት ይገባል?» አለ ሞላ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የጎማ ሽታው አባቱን አስታወሰኝ።

ነገሩን ለሙሄ ነገርኩት። ሙሄ የማሽላ ነጋዴ ነው፤ ዕድሜያችን እኩል፣ ቤታችን አጥር ለአጥር። እሱ ወድቆ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ በየሰላቱ ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ለሱጁድ ግንባሩን መሬት አስነክቶ እንደገና ሲነሣ የኖረ ጉልበት ነው። አስካለ ይህን እያነሣች «አንተም በጾም ብትሰግድ ኖሮ!» ትለኛለች። ስንት ሁዳዴ «መንገደኛ ነኝ» እያልኩ አሳልፌያለሁ፤ መንገደኛው ግን ካሚዮኑ ነበር ብያችኋለሁ።

«አብሽር» አለ ሙሄ። «ሽማግሌ የሚላከው በኅዳር ነው፤ ጊዜ አለን። እግርህን አሠልጥን። ከቆምክ አንተ ትለምናለህ። ካልቆምክ ወላሂ እኔ እለምናለሁ፣ አንተ ደጅ ሆነህ በቅሎ ትጠብቃለህ።»

በቅሎ ጠባቂ! ለወዳጄ ልጅ! በነጋታው ወልድያ ወጣሁ። እዚያ ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ ድሬሰር፣ ቁስል አካሚ፣ አለ፤ እግራቸው የቆሰለ ወታደሮችን እንደገና መራመድ ሲያስተምር የኖረ ነው። ጉልበቴን መታ መታ አደረገና ሳቀ።

«መድኃኒት የለውም?» አልኩት።

«አለው፤ ግን አይዋጥም» አለኝ። ከዚያም አሳየኝ። አንዱ፣ የሚያዝ ነገር አጠገብ ሆኖ በአንድ እግር መቆም፣ ሲደክም እግር መለወጥ። ሌላው፣ ተረከዝን ከጣት እያነካኩ በቀጭን መስመር ላይ መሄድ። የመጨረሻው፣ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣት ነው። «ወደ ኋላ ተንጋለው አይታገሉ አባቴ። ጎንበስ ይበሉ፤ አፍንጫዎ ከእግርዎ ጣት አልፎ ሲሄድ ያኔ ቂጥዎ በራሱ ይነሣል» አለኝ። ለዚህ ወልድያ ድረስ መሄዴ አናደደኝ። ግን ሞከርኩት፤ ብድግ!

ችግሩ የመጣው በአንድ እግር ከመቆሙ ነው። ድሬሰሩ የሚያዝ ነገር ይኑር ብሏል፤ ቤቴ ያለው ዱካ፣ አጭር በርጩማ፣ ነው፣ እሱን ልያዝ ካልኩ መንበርከክ ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ሰው ሳይነሣ ጓሮ ወጥቼ የአጥሩን እንጨት በአንድ ጣቴ ነካ አድርጌ በአንድ እግሬ እቆማለሁ። ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ስለሆነ ፊቴ ወደ ምሥራቅ ነው። ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል፤ እግሬን እየተሳደብኩ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ።

አስቡት እንግዲህ። ያ በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩ ጻድቅ ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ አለ። ሴትዮዋ ምን ትበል? «ጋሼን እግዜር ጠራቸው! ዓለም በቃኝ ብለዋል!» አለች። ወሬው ከቅዳሴው በፊት ደረሰ። በሳምንቱ እትዬ ብርቄ ውሃ በጣሳ ይዛ አጥሩን ገፍታ ገባች። «አባቴ፣ ይባርኩልኝ፤ ልጄ ያተኩሰዋል» አለችኝ። እኔ በአንድ እግሬ ነኝ። ላስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ አፍ ሲከፈት ሚዛን ይጠፋል መሰለኝ፣ እግሯ ሥር ተዘረጋሁ። «ሰገዱ!» ብላ እሷም ከጎኔ ተደፋች። አስካለ ጩኸት ሰምታ ስትወጣ ሁለት ሰው መሬት ላይ ተነጥፎ አየች።

«ምንድን ነው ይህ?»

«ዝም በይ፣ ጸሎት ላይ ናቸው» አለቻት እትዬ ብርቄ፣ ከተደፋችበት ሳትነሣ።

«ጸሎት? ይህ ጻድቅሽ እኮ ትናንት በዕለተ ዓርብ ቋንጣ ፍለጋ ጓዳዬን ሲያምስ ነበር!» አለች አስካለ። እትዬ ብርቄ ግን አላመነቻትም። የልጁ ትኩሳትም በማግስቱ ለቀቀው፤ ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሳት!

የመስመሩ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ቀጭን መስመር ከየት ላምጣ? የአስፋልቱ ጠርዝ አለልኝ። ጠዋት ጠዋት እጄን ግራና ቀኝ ዘርግቼ፣ ተረከዜን ከጣቴ እያስነካሁ በጠርዙ ላይ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ክላክሱን አንባርቆ አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ ድሮ እኔ ጋ ረዳት የነበረ ልጅ ነው።

«ጋሼ! በዚህ ጠዋት?» አለኝ፣ አዝኖ።

«አልጠጣሁም፤ መስመር እየጠበቅሁ ነው።»

«አዎ አዎ፣ ይጠብቃሉ። እስኪበርድልዎ ግን ይግቡ። ትቼዎት ሄጄ ካሚዮን ቢገጭዎት እትዬ አስካለን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ስንጨቃጨቅ ረዳቶቹ እንደ ማሽላ ከረጢት ብድግ አድርገው መቀመጫ ላይ ጣሉኝ። «አልሰከርኩም!» ባልኩ ቁጥር ተሳፋሪው በሐዘን ራሱን ይነቀንቃል፤ አንዲት ሴት ሎሚ ሰጠችኝ። ውርጌሳ ላይ «ከዚህ የሚመለስ መኪና ያሳፍሩዎታል» ብለው አወረዱኝ።

እዚያ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ከአጠገቤ ካባ የደረቡ፣ ባርኔጣ ያጠለቁ ትልቅ ሰው አሉ። ሰላምታ ተሰጣጣን። መኪና ሲጠፋ ፀሐይዋ በረንዳው ላይ ወጣች፤ ሁሉም ተነሥቶ ወደ ጥላው ሄደ፣ እኔም ሄድኩ። እሳቸው አልተነሡም። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል።

«ወደዚህ አይሉም? ጥላ አለ» አልኳቸው።

«ፀሐይ ይስማማኛል» አሉኝ፣ ወደ ፊት እያዩ። መልሶ የጫነኝን የካሚዮን ሾፌር ማን እንደሆኑ ብጠይቀው «እሳቸውማ ግራዝማች ናቸው!» አይለኝም? ላብ አጠመቀኝ። ለፀሐይ ያልተነሣ ሰው ለእኔ ልመና ይበገራል? መርሳ እስክደርስ ተሳፋሪዋ የሰጠችኝን ሎሚ እመጠምጥ ነበር።

ኅዳር ገባ። ሙሄ ፈተና አመጣ፤ ግድግዳ ሳልነካ፣ ቆሜ፣ ሱሪ መልበስ። አንዱን እግር አስገባሁ። ተንገዳገድኩ። ሙሄ ዓይኑን ጨፈነ። ሌላውን አስገባሁ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ።

«እሰይ፣ በዚህ ዕድሜህ ሱሪ ለበስክ» አለች አስካለ። ያም ሆነ ይህ በቅሎ መጠበቅ ቀረልኝ።

እኔ፣ ሙሄና የሞላ አጎት ሆነን ውርጌሳ ገባን። ግራዝማች ስጋጃ የተነጠፈበት ዝቅ ያለ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዘመድ ግድግዳውን ተደግፎ ሞልቷል፤ ባለቤታቸው ከመጋረጃው አጠገብ ቆመዋል።

«ተቀመጡ» አሉ ግራዝማች።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አልኩ። ጀመርኩ። ሞላ ሠርቶ አደር መሆኑን፣ አባቱ ጨዋ እንደነበረ፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ደጅዎ መቆማችንን ተናገርኩ። ሙሄም «በአላህ ይዘንዎታል፣ የሰው ወግ ያድርሱን» ብሎ አከለበት። ግራዝማች ዝም። እኛም ቆምን። የሞላ አጎት ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የኔ እግር ግን፣ ኩራቴን ፍቀዱልኝ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሏል! ክብደቴን ከግራ ወደ ቀኝ እያዛወርኩ እስከ ማታ ልቆም እችል ነበር።

ባለቤታቸው አላስቻላቸውም። «እንግዲህ ልብዎ ወዷል፤ ልጁንም አጣርተው አመስግነውታል። ተነሥተው ሽማግሌዎቹን እጃቸውን ይዘው ያስቀምጡ እንጂ» አሉ። በዚያ አገር የልጅቷ አባት እሺ ሲል በአፉ አይደለም፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ያስቀምጣል።

ያን ጊዜ የግራዝማችን እጅ አየሁ። የመደቡን ጠርዝ ጨበጥ አደረገች፤ ለቀቀች፤ እንደገና ጨበጠች። ትንሽ ወደ ፊት ፈቀቅ አሉ፣ ያንን ሁሉ ዘመድ አዩ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። እዚያ ቤት ውስጥ ፀሐይ የለም።

ያቺን እጅ አውቃታለሁ! የራሴ እጅ ናት! ስንት ጊዜ በእሷ የአልጋዬን ጠርዝ ይዤ፣ አስካለ እስክትወጣ ጠብቄ ተነሥቻለሁ። ሰውየው ኩሩ አይደሉም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መነሣት አቅቷቸው ነው። ብነሣና ብወድቅስ እያሉ ነው ሽማግሌ ሁሉ ቆሞ የተመለሰ፤ ልጅቷም ደሴ ልትሄድ የደረሰችው በዚሁ ጉልበት ነው። አንጀቴን በሉት። እጄን ልስጣቸው? በቤታቸው፣ በዘመዳቸው ፊት «ይደግፉኝ» የሚሉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ያኔ ከፀሐይ ባነሣኋቸው። ደፍሬ ብዘረጋላቸው ነገራችን እዚያው አከተመ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። እንደ ወግ ሥርዓቱ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ያ ረቢ!» አለ ሙሄ ከኋላዬ። «ወደቀ! ዛሬም ወደቀ!» አለ የሞላ አጎት። ለእነሱ ያው የግራናው ውድቀት ነበር። እኔ ግን እግራቸውን በሁለት እጄ ይዤ «እሺ ሳይሉኝ አልነሣም!» አልኩ። እግሩ የተያዘ ሰው ደግሞ ለማኙን ጎንበስ ብሎ ማንሣት አለበት፤ ነውር ነው አለዚያ። ግራዝማች «ኧረ በፈጠረዎ፣ ይነሡ!» ብለው ጎንበስ አሉ፣ ብብቴን ያዙ። እኔም ክርናቸውን ከሥር ያዝኩና ጆሯቸው ሥር አንሾካሾክኩ።

«ግራዝማች፣ አፍንጫዎን ወደ ፊት።»

«ምን?»

«ከእግርዎ ጣት ያሳልፉት። ትንሽ ይቀራል። በሉ፣ አሁን!»

ጉልበቴን አጠበቅሁ፤ ስንት ወር በየማለዳው የተሰደበው እግሬ ውለታ መለሰልኝ። አብረን ብድግ አልን። ቤቱ ያየው ግራዝማች ለማኙን ከመሬት ሲያነሡ ነው። ማን ማንን እንዳነሣ የምናውቅ ሁለታችን ብቻ ነን።

ቀጥ ብለው ቆሙ። ዘመዳቸውን በሙሉ ከላይ አዩት። «ልጄን ሰጥቻለሁ!» አሉ።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ተወን ብላችሁ ብትስቁም፣ እኔ እልልታው ለሁለት ሽማግሌዎች መቆም መስሎ ነው የተሰማኝ። ሟቹ ወዳጄ፣ የሞላ አባት፣ ትዝ አለኝ፤ አለቀስኩ። ሙሄም ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን ጠረገ። ግራዝማች እጄን አጥብቀው ይዘው ለመደገፍ ይሁን ለመውደድ ሳይለቁኝ «ማን ነው ያስተማረዎት?» አሉኝ በቀስታ።

በጥር ሠርጉ ተሠረገ። ከሠርጉ በኋላ ግራዝማች «ልጄን ልጠይቅ» ብለው መርሳ መጥተው ሰነበቱ። ልጃቸውን የሚጠይቁት ማታ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ጓሮዬ ናቸው። እሳቸው ካባቸውን አጥሩ ላይ ይሰቅላሉ፣ እኔ ጋቢዬን፣ ጎን ለጎን በአንድ አንድ እግር እንቆማለን። እሳቸው ግን ኮቴ በሰሙ ቁጥር ቶሎ እግራቸውን አውርደው አጥሩን የሚመረምሩ ይመስላሉ።

አንድ ጠዋት እትዬ ብርቄ ኮቴዋ ሳይሰማ መጣች። በቀዳዳው አይታ አማተበችና «ሁለት ሆኑ!» ብላ ጮኸች። ግራዝማች ደንግጠው እግራቸውን ሊያወርዱ ሲሉ ዘወር አሉና ካባቸውን ከአጥሩ ላይ መንጭቀው ይዘውት ዝርግፍ አሉ። ሴትዮዋ አጠገብ፣ በጠዋቱ ብርሃን፣ በግልጽ!

«ጋኑ ነው ሰው?» አለች አስካለ ከጓዳ።

ግራዝማች ከመሬት ሆነው በሳቅ ፈነዱ። ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ «ሰው ነው እመቤት! ሰው ነው!» አሏት።

«እንግዲያው ይነሣ!» አለች፤ ማን እንደሆኑ የት አውቃ።

እጄን ዘረጋሁ። በክንዳቸው ገፉት። በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ አንዱን እግር አስቀደሙ፣ አፍንጫቸውን ወደ ፊት ሰደዱ። እትዬ ብርቄ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች፤ እሳቸውም እንደምታያቸው ያውቃሉ።

ተነሡ።